ሚስማሩ ላይ የነበረው ዳቦ

ሳኖባር ሳትጠበቅ ከች ያለችው በጋው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎረቤታችን የሆነው የባሏ ቤተሰብ እስከ ክርኑ ቲማቲም ውስጥ ገብቶ ለክረምት የሚቀመጠውን ጠርሙስ በሚሞላበት ቀን ነበር። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ወይን እለቅም ነበር። የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው የጭቃ አጥር ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው ሳይፈልግ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል። የብረቱ በር ሲንቋቋ ቀና አልኩ። ሰማያዊ የባቡር ደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንድ ጎማው የወለቀ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

«ምነው? ምን መጣ?» አለች አማቷ ቢቢሶራ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች።

«ምንም አልመጣም እማማ፣ አይደንግጡ። መንገድ ላይ ድልድይ ተሰንጥቆ ነው። ባቡሩ ሁሉ ቆመ። እስክንጠራችሁ እቤታችሁ ተቀመጡ አሉን።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን ድልድዩ ያውቃል።»

ባሏ ኤርጋሽ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ሻንጣውን ተቀበላት። «ዕድሜ ለድልድዩ!» አለና ጮክ ብሎ ሳቀ።

ሰሞኑን አንደኛ ክፍል የምትገባው ልጃቸው ዙምራድ ከጠርሙሶቹ መሃል ተነስታ በሩጫ መጣች። ግቢው መሃል ስትደርስ ግን ቆመች። ዞር ብላ የአክስቷን የኦይዲንን ፊት አየች።

«ሂጂ እንጂ! እናትሽ እኮ ናት» አለቻት ኦይዲን።

ልጅቷ ያን ጊዜ ሄዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ያቺ ዞር ማለት ከዓይን ጥቅሻ አትበልጥም፤ ሌላ ሰው ልብ አላላትም። ሳኖባር ግን ልጇን እንዳቀፈች፣ በትንሿ ትከሻ ላይ አሻግራ ኦይዲንን ያየችበት አስተያየት መሰላል ላይ ላለሁት ለእኔ እንኳ ተሰማኝ።

ኦይዲን የኤርጋሽ ታላቅ እህት ናት። መካን ነሽ ተብላ ከባሏ ቤት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ቤቱን የምትይዘው፣ ልጅቷን የምታጥበውና የምታስተኛው እሷ ናት። ሳኖባር ደግሞ ወደ ሩቁ ሩሲያ፣ ወደ ቮልጋ ወንዝ አገር በሚሄደው ባቡር የአንድ ፉርጎ አስተናጋጅ ናት፤ አንሶላ ታድላለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ የሰከረውን ታስተኛለች። በበጋ ባቡሩ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ሠራተኞቹ ከዋናው ከተማ ጣቢያ ሳይወጡ ነው የሚመለሱት። ከጸደይ ወዲህ እቤቷ አላደረችም።

ሻይ ቀረበ። የሚጠጣው በግቢው መሃል፣ በወይኑ ጥላ ሥር ካለው ሰፊ የእንጨት መደብ ላይ ነው። የቤት እመቤት የምትቀመጠው ከመውረጃው ጠርዝ፣ ከሻይ በራዱ አጠገብ ነው፤ ራስጌው የእንግዳ ነው። በራዱ ጋ ኦይዲን ተቀምጣ ነበር። ለሳኖባር ራስጌው ተለቀቀላት። የእንግዳ ሲኒ ደግሞ አይሞላም፤ ቶሎ ቶሎ እየተቀዳለት እንዲከበር ሥሩን ብቻ ያርሱለታል። ኦይዲን ለወንድሟ ሲኒውን ሞላ አድርጋ ሰጠችው። ለሳኖባር የሰጠቻት ጉንጭ አትሞላም።

«እትዬ ኦይዲን፣ እንግዳ ሆንኩ እንዴ?» አለች ሳኖባር እየሳቀች።

«አይ፣ ደክሞሻል ብዬ ነው። ትራስ ላምጣልሽ?»

ትራሱ መጣ። እሱም የእንግዳው ትራስ ነበር።

ልብስ ልትቀይር ወደ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው። ይህን በኋላ ለባለቤቴ የነገረቻት ራሷ ናት። ሩቅ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ከአንድ ሙሉ ዳቦ ላይ አንድ ጊዜ ይነክሳል፤ የቀረው ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሲመለስ በሻይ እያራሰ ይጨርሰዋል። ዳቦው ባለቤቱን ይጠራል ይባላል። በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ወንድሜ ለውትድርና ሲሄድ የነከሰው ዳቦ ዛሬም አለ። ድንጋይ ሆኗል። የጥርሱ ምልክት ግን ያው ነው፤ አንዷ የፊት ጥርሱ ጠመም ያለች ነበረች፣ እሷም ሳትቀር ትታያለች። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዶሮ ላባ አቧራውን ታራግፍለት ነበር። ያልተመለሰ ሰው ዳቦ አይወርድም።

ሳኖባር በጸደይ ነክሳው የሄደችው ዳቦ የለም። ሚስማሩ ብቻ ነበር፤ ከሥሩም ዳቦው ተደግፎበት የነበረው፣ ነጣ ያለ ክብ ቦታ።

አልጠየቀችም። ብትጠይቅ መልሱን የምትሰማው ከኦይዲን አፍ ነው። እሱን አልፈለገችም።

ያ ሳምንት ለሌላው ሁሉ በረከት ነበር። ኤርጋሽ የቆርቆሮ ሱቁን ዘግቶ እንደ ልጅ ሆነ፤ ጠዋት ሐብሐብ ተሸክሞ ይመጣል፣ ቀትር ላይ ወንዙ ጋ ሄዶ እግሩን ነክሮ ይተኛል፣ ማታ ራሱ ሩዝና ሥጋ ካልሠራሁ ብሎ ሴቶቹን ያባርራል። ሁሉም መደቡ ላይ ከሰማይ በታች ይተኛሉ። ማንም ማንንም አይቀሰቅስም። ባለቤቴ «እነዚህ ሰዎች ገነት ገብተዋል» ትለኝ ነበር።

ሳኖባርም ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ግን አንድ ዓይኗ አይተኛም።

በመጀመሪያው ጠዋት የልጇን ጸጉር ልትጎነጉን ተቀመጠች።

«ያምማል!» አለች ዙምራድ። «አክስቴ ከታች ነው የምትጀምረው።»

«እኔም ከታች እጀምራለሁ።»

«አክስቴ መጀመሪያ ውሃ ታደርጋለች።»

«እሺ፣ ውሃ።»

«አክስቴ እየጎነጎነች ስለ ቀበሮዋ ታወራልኛለች።»

ሳኖባር ስለ ቀበሮዋ አታውቅም። ማበጠሪያውን አስቀመጠችና የልጇን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ራሷ አዞረች። «ይቺ የፊት ጥርስሽ መቼ ወለቀች?»

ልጅቷ አፏን ዘጋች። ደረጃው ሥር ሽንኩርት የምትልጠውን አክስቷን አየች። «እንዲሁ ወለቀች።»

«እንዲሁ ምን ማለት ነው? ማን ነቀለልሽ?»

«የሕፃን ጥርስ አይደል፣ ጊዜው ደርሶ ነው» አለች ኦይዲን ቀና ሳትል። «አስቀምጬልሻለሁ፤ በመሃረብ ቋጥሬ።»

የልጇን የመጀመሪያ ጥርስ ከሌላ ሴት መሃረብ ውስጥ ፈትታ ማየት! ሳኖባር «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ድምጿ ግን የብረት በር ይመስል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀሚሱ ነው። ከሩቅ ከተማ፣ ባቡሩ ለጥቂት ጊዜ በሚቆምበት ጣቢያ እየሮጠች የገዛችው የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው። ዙምራድ ስታጠልቀው ከጉልበቷ በላይ ቀረ። ሳኖባር የገዛችው ለጸደይዋ ልጅ ነበር፤ በበጋው ያደገችውን አላየቻትም።

«ቆንጆ ነው!» አለች አማቷ ቸኩላ።

«ጨርቅ አለኝ፣ ከታች ልቀጥልበት እችላለሁ» አለች ኦይዲን።

«ይቅር። አይልፉ።»

«ምን ልፋት አለው፣ አንድ ከሰዓት...»

«ይቅር አልኩ እኮ እትዬ ኦይዲን።»

ኦይዲን ወደ ቤቱ፣ ወደ ቁም ሣጥኑ በኩል አየች። ሁሉም የሚያውቀውን ሳኖባርም አወቀች፤ ልክ የሆነ ቀሚስ ተሰፍቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ትምህርት ቤቱ የሚከፈትበት ቀን ጠዋት፣ ልጆቹ ሁሉ አበባ ይዘው በሰልፍ ሲገቡ፣ የዙምራድን እጅ ይዛ በራፉ ድረስ መሄድ። ጥርሱ አምልጧታል፣ ቀበሮዋ አምልጣታለች። ይህ እንዳያመልጣት። ለዚህ ደግሞ ድልድዩ እንደ ተሰበረ መቆየት ነበረበት።

«ዛሬስ ጠገኑት?» ይላታል ኤርጋሽ ስልኳን ባየች ቁጥር።

«ዝም በል! አታስታውሳቸው።»

«አገር ሁሉ ይጠገን ብሎ ይጸልያል፣ የእኔ ሚስት አይጠገን ብላ ትጸልያለች። ፈጣሪ ማንን ይስማ?»

«እኔን። እኔ ከአገር ሁሉ በላይ ደክሞኛል።»

ዳቦ የሚጋገርበት ቀን ደረሰ። የዳቦውን ምድጃ ከእነሱ ጋር ነው የምንጋራው፤ ስለዚህ እኔ የደረቀ የጥጥ ግንድ ተሸክሜ፣ ባለቤቴ ሊጥ ይዛ ሄድን። የሸክላው ሆድ ፍም ሆኗል። ኦይዲን ክንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሊጡን ወደ ውስጥ እየሰደደች ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ዙምራድ የአክስቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። የመጀመሪያው ዳቦ ወጥቶ ባለቤቴ እጅ ሲገባ፣ ሳኖባር አየችውና አልቻለችም።

«የእኔ ዳቦ የት ሄደ?» አለች።

ቢቢሶራ ኦይዲንን አየች። እሷም የምታውቀው ነገር እንዳልነበረ ፊቷ ይናገራል፤ ጠይቃ መልስ ያላገኘች ትመስላለች።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት» አለች ኦይዲን። «አይጥ ነክቶት ነበር። ለወፍ ሰጠሁት።»

«አይጥ? ሚስማር ላይ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ አይጥ ነው ያላችሁ። መሰላል ሰጥታችሁታል?»

ባለቤቴ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሻሿ ያዘች። ሳኖባር ግን እየሳቀች አልነበረም። በንዴቷ «እርስዎ» ማለቱንም ረሳችው።

«በሕይወት እያለሁ ዳቦዬን አወረድሽ? የእነሱን እዪ» ብላ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች፤ «ስንት ዘመኑ ነው? አንድ ሰው ነክቶታል? እኔ ግን ገና ሳልሞት! ቦታዬን ወሰድሽ፣ እሺ። በራዱን ወሰድሽ፣ እሺ። ልጄን ወሰድሽ። ተመልሼ እንኳ እንዳልመጣ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አለች ቢቢሶራ።

«አልሰበስብም እማማ! እሷ ትናገር። አይጥ ነው ካለች ዓይኔን እያየች ትበል።»

ኦይዲን ዓይኗን አላነሳችም። እጇ ላይ የነበረውን ሊጥ ወደ ምድጃው ሰደደችው፤ ሳይጣበቅ ቀርቶ አመዱ ውስጥ ወደቀ። በሕይወቴ ኦይዲን ዳቦ ስትጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዙምራድ ፊቷ አመድ መስሎ የአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

«አየሽ?» አለች ሳኖባር ቀስ ብላ። «አየሽ ወዴት እንደሸሸች?»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ አልነበረም። ኤርጋሽ ብቻ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «ወይን አለህ? የእኛ ቤት ሁሉም ነገር ኮምጥጧል» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ድልድዩ ተጠገነ። ባቡሩ በዚያው ቀን ከሰዓት ይነሳል። ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው በነጋታው ነው።

ልንሰናበታት ገባን። ሳኖባር ደንብ ልብሷን ለብሳ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣውን ኤርጋሽ በሽቦ ጠግኖታል። አላለቀሰችም። ያለቀሰ ሰው እንኳ እንዲህ አይቀመጥም። ቢቢሶራ ከትናንቱ ዳቦ ሙሉውንና ያማረውን መርጣ አመጣች።

«በይ ልጄ፣ ንከሺ። ያለፈው አለፈ።»

ሳኖባር ተቀበለችው። ወደ አፏ ስታስጠጋው ዙምራድ ከኦይዲን አጠገብ ተነስታ መጣችና ክርኗን ያዘቻት።

«እማዬ፣ ትልቅ አድርገሽ ንከሺ።»

«ለምን?»

«ትንሽ ብቻ እንዲቀር። ያኛው በጣም ብዙ ነበር። በጣም ደረቅም ነበር።»

ሳኖባር ዳቦውን ዝቅ አደረገችው። «ያኛው የቱ?»

«ያንቺው። ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። ሻይ ውስጥ ሳደርገው ይለሰልስ ነበር፣ የመጨረሻውን ግን አክስቴ ስትመጣብኝ በደረቁ ነከስኩት...» ልጅቷ ባዶ ድዷን በጣቷ ነካች። «በእሱ ነው የወለቀችው። ደም ወጣ።»



«ለምን በላሽው፣ የእናት ዓለም?» አለች ሳኖባር።

ዙምራድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየቻት። «ዳቦው ሲያልቅ አይደል የምትመጪው? ሁልጊዜ አንቺ ስትመጪ ነው የሚያልቀው። ጨረስኩታ። ከዚያ መጣሽ።»

ኤርጋሽ ፊቱን ወደ ወይኑ አዞረ። ቢቢሶራ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳኖባር ልጅቷን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ኦይዲንን ቀና ብላ አየቻት፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል በደንብ ያየቻት።

«ያውቁ ነበር?»

«የደረስኩት የመጨረሻዋን ቁራሽ ስትውጥ ነው» አለች ኦይዲን። «ጥርሷ እጇ ላይ ነበር። ለአያቴ እንዳትነግሪ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። እምላለሁ አልኳት፣ ማልኩ። ምን ላድርግ?»

«ያን ሁሉ ስሰድብዎት?»

«ስድብሽ ምንም አይደል።» ኦይዲን የቀሚሷን ጫፍ ታጥፍና ትዘረጋ ነበር። «ሌላ ነው የሚያንገበግበኝ። የማበጥራት እኔ፣ የማስተኛት እኔ። ጥርሷን ያጣችው ግን ለአንቺ ነው። እኔ ከዚህ ቤት ተድሬ ስወጣ ማንም ዳቦ አላስነከሰኝም፤ ሙሽራ እንድትመለስ አይፈለግማ። ተመለስኩ። ሚስማሩ ላይ የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። ያንቺን ዳቦ አቧራውን በጠረግኩ ቁጥር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብጥለው ብዬ አስባለሁ። እኔ ያሰብኩትን ልጅቷ አደረገችው፤ በሌላ ልብ።»

ሳኖባር ዳቦውን አንስታ ነከሰች። ትልቅ ንክሻ ነበር፤ ጉንጯን ነፍታ ስታኝክ ዙምራድን አሳቀቻት። የቀረውን ለአማቷ አልሰጠችም፤ ለኦይዲን ዘረጋችላት።

«እርስዎ ይስቀሉት።»

«ሚስማሩን ከፍ አድርገን እንምታው፣ እንዳትደርስበት» አለች ቢቢሶራ።

«አይ እማማ። እዚያው ይሁን።»

ሳኖባር መልአክ አይደለችም። ኦይዲን ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቃ፣ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። እኔና ባለቤቴ አጠገባቸው ስለነበርን ሰማን።

«ነገ ትምህርት ቤት የምትወስድሽ አክስትሽ ናት። እሷ የሰፋችውን ቀሚስ ልበሺ፤ የእኔው አጭር ነው።»

«እሺ።»

«እጅሽን ትይዝሻለች። ግራሽን ስጪያት። ቀኝ እጅሽ የእኔ ነው፣ ሰማሽ? ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለአስተማሪዋም?»

ሳኖባር አሰበች። «ለአስተማሪዋም።»

በነጋታው ጠዋት መንገዱ በነጭ ጥብጣብና በአበባ ተሞልቶ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ያልፋሉ። ኦይዲንና ዙምራድም አለፉ። ልጅቷ ልክ የሆነውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ኦይዲን ግራ እጇን ይዛታለች። ቀኝ እጇን ለማንም አልሰጥም ብላ፣ ጨብጣ ኪሷ ውስጥ ከታዋለች፤ ስለዚህ የልጅቷን የአበባ እቅፍ የተሸከመችው ኦይዲን ነበረች፣ ራሷ አንደኛ ክፍል የምትገባ ይመስል።

የልጅ ልጄን ላደርስ ሄጄ ስለነበር በራፉ ላይ አብረን ደረስን። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስምሽ ማን ነው?» ብላ እጇን ዘረጋች። ዙምራድ ግራ እጇን ከአክስቷ አላቅቃ ሰጠቻት። አስተማሪዋ ቅንድቧን አነሳች፤ ግራ እጅ ለታላቅ ሰው አይሰጥም። ከኋላ ያሉ ሴቶችም ኦይዲንን አዩዋት፤ ያልወለደች ሴት ያሳደገቻት ልጅ እንዲህ ናት የሚል አስተያየት ነበር።

ኦይዲን ፊቷ ቀላ። ኪስ ውስጥ የተጨበጠውን እጅ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ብትጎትተው የሚወጣ ትንሽ እጅ ነበር።

«አይቀየሙን፣ አስተማሪ» አለች። «ቀኙ የእናቷ ነው።»

አበባውንም ራሷ ሰጠች።